ባለቤቴ አዲስ አበባ ናት፤ ታክስ ስሞላ «ሲንግል» (ያላገባ) ልበል?

አሜሪካ ላላችሁ፦ አይቻልም። እስከ ዲሴምበር 31 በሕግ ተጋብታችሁ ከሆነ፣ እሷ ገና አገር ቤት ቪዛ እየጠበቀች ቢሆንም፣ ለዚያ ዓመት ባለትዳር ናችሁ። ኢትዮጵያ የተፈጸመ ሕጋዊ ጋብቻም ይቆጠራል። እባካችሁ «ማን ያውቃል» ብላችሁ «ሲንግል» አትሙሉ።

ምርጫው በጋራ ወይስ በተናጠል የሚለው ነው። ለ2024 ገቢ መደበኛው ተቀናሽ (ታክስ ከመታሰቡ በፊት ከገቢ ላይ የሚቀነሰው) በጋራ 29,200፣ በተናጠል 14,600 ዶላር ነበር። ባል 50,000 ዶላር ቢያገኝ፣ ሚስት ምንም ገቢ ባይኖራት፣ በጋራ ሲሞሉ ታክስ የሚታሰበው በ20,800፣ በተናጠል ግን በ35,400 ላይ ነው።

በጋራ ለመሙላት ግን እሷም እንደ አሜሪካ ነዋሪ ለመቆጠር ተስማምታ መፈረም አለባት። የግብር ከፋይ ቁጥርም ያስፈልጋታል። አገር ቤት ደመወዝ ወይም የቤት ኪራይ ካላት እሱም ይገለጻል። የትኛው እንደሚያዋጣ በእሷ ገቢ ይወሰናል። አብሯችሁ የሚኖር ልጅ ካለ ሌላ አማራጭ ሊኖር ስለሚችል ታክስ ሠሪያችሁን ጠይቁ።