የምርምር መረጃ ማከማቻዎች መደጋገፍ በመሀል አዲስ አበባ

አንድ ጥናት ታትሞ ሲወጣ ከጽሑፉ ጀርባ ብዙ ነገር ይቀራል፤ የተሞሉ መጠይቆች፣ የቃለ መጠይቅ ቅጂዎች፣ የቤተ ሙከራ ልኬቶች፣ ካርታዎችና ፎቶግራፎች። እነዚህን የሚረከብ፣ የሚያጣራ፣ ገላጭ ማስታወሻ የሚያዘጋጅላቸውና ሌላ ተመራማሪ ሊጠቀምባቸው በሚችል መልክ ለረጅም ዘመን የሚጠብቅ ተቋም የምርምር መረጃ ማከማቻ ይባላል። ታማኝ የሚያሰኘው ደግሞ አሠራሩን በጽሑፍ አስቀምጦ፣ ማስረጃውን አያይዞ ለሙያ አቻዎቹ ምርመራ ራሱን ማቅረቡ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ የቆየ አንድ ልማድ አለ፤ ልምድ ያለው ማከማቻ ጀማሪውን ይመክራል፣ እኩዮችም እርስ በርስ ሰነድ ይነባበባሉ። ይህ ጽሑፍ የሚዳስሰው ያንን ልማድና ለመሀል አዲስ አበባ ተቋማት ያለውን ፋይዳ ነው።

ጉዳዩ ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ያካሄደው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት እ.ኤ.አ. በ1989 ተጀምሮ በ1994 ወደ 15 መንደሮችና 1,477 ቤተሰቦች ሰፋ፤ እስከ 2009 ድረስም ወደ ቤተሰቦቹ እየተመላለሰ ጠይቋል። ዛሬ ይህን መረጃ የሚሻ ሰው የሚያገኘው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዳታቨርስ በተሰኘው ማከማቻ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በ20 ቦታዎች የሚኖሩ 3,000 ያህል የኢትዮጵያ ልጆችን ዕድገት የተከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት መረጃም እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የእንግሊዝ የመረጃ መዝገብ ቤት ዘንድ ተቀምጧል። መረጃው በደህና እጅ መሆኑ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠባቂ ያላገኘው ስንቱ እንደሚጠፋ ምርምር ላይ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም የኢትዮጵያ ገበሬ የመለሰው መልስ በኢትዮጵያ ውስጥም አደራ ተቀባይ ቤት ሊኖረው ይገባል። ለዚህ ቤት አደራ የሚሰጠው ግን ቤቱ ታማኝነቱን ካስመሰከረ ነው።

የምስክርነቱ መንገድ

በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ምስክር ወረቀት ኮር ትረስት ሲል የተባለው ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን፣ ዳንስ (DANS) በተባለው የኔዘርላንድስ የመረጃ መዝገብ ተቋም የተጀመረው የዳታ ሲል ኦፍ አፕሩቫል አሠራርና የዓለም የመረጃ ሥርዓት የምስክርነት አሠራር ተዋሕደው አስገኝተውታል። አመልካቹ ለ16 መስፈርቶች በጽሑፍ መልስ ይሰጣል፤ ተልዕኮው ምንድን ነው፣ የአስተዳደሩና የገንዘቡ ምንጭ የት ነው፣ ፋይሎች ሳይለወጡ መቆየታቸውን በምን ያረጋግጣል፣ የተጠኚዎችን ምስጢር እንዴት ይጠብቃል የሚሉትን ጨምሮ። ሁለት ገምጋሚዎች መልሱን መርምረው ካላረካቸው ለማሻሻያ ይመልሱታል። ወረቀቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ከዚህ በላይ ጥብቅ የሆኑ የጀርመኑ ኔስቶር ማኅተምና የአይ.ኤስ.ኦ 16363 ኦዲት አሉ፤ ጀማሪ ማከማቻ ግን በእነዚህ አይነሣም።

ገምጋሚዎቹ የሚመጡት ራሳቸው በዚህ ፈተና ካለፉ ማከማቻዎች ነው። ዛሬ ሰነዱን ያስነበበ ነገ የሌላውን ያነባል፤ ወንፈል ለሚያውቅ አንባቢ ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። ሌላም ለጀማሪ የሚጠቅም ነገር አለ፤ ያለፉት ማመልከቻዎች ከነመልሳቸው ለሕዝብ ይፋ ይደረጋሉ። አዲስ አበባ የተቀመጠ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የኬፕ ታውኑ የመረጃ ማከማቻ ዳታፈርስት ወይም የእንግሊዙ መዝገብ ቤት ለእያንዳንዱ መስፈርት ምን ብሎ እንደመለሰ ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላል። ከማንኛውም ሥልጠና በፊት ይህን ማንበብ ይቅደም እላለሁ።

መምከር ሲባል

መካሪው ማከማቻ ማመልከቻውን ጽፎ አይሰጥም። ረቂቁን ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ክፍተቱን ያሳያል። ስለ አገልግሎት ቀጣይነት የሚጠይቀውን መስፈርት እንመልከት። ጀማሪው በአብዛኛው «ዩኒቨርሲቲው ማከማቻውን በቋሚነት ይደግፋል» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። መካሪው ጥያቄዎቹን ያነሣል። ይህን የሚል ደብዳቤ አለ? ማን ፈረመው? በጀቱ በየትኛው አርዕስት ተይዟል ወይስ ከውጭ ፕሮጀክት ነው የሚመጣው? ፕሮጀክቱ ሲያበቃ የሁለቱን ሠራተኞች ደመወዝ ማን ይከፍላል? ማከማቻው ቢዘጋ ፋይሎቹን የሚረከበው ማን ነው፣ እርሱስ ለመረከብ መስማማቱን አውቋል? ከዚህ ውይይት በኋላ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ሦስት ሰነዶች ይለወጣል፤ ወደ ሥራ አመራር ቃለ ጉባኤ፣ ወደ በጀት ደብዳቤና ከሌላ ተቋም ጋር ወደሚፈረም የመግባቢያ ስምምነት። መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተም እንዲሁ ነው። «ቅጂ አለን» የሚል መልስ መካሪውን አያሳርፈውም፤ ቅጂው ከዋናው ሰርቨር ጋር በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከሆነ እሳት ሁለቱንም ይበላቸዋል፣ ከቅጂው ላይ ፋይል መልሶ ለማውጣት ተሞክሮ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ቅጂ መኖሩ ራሱ አልተረጋገጠም።

አውሮፓውያን ይህን ምክር በሥርዓት ይዘውታል። የማኅበራዊ ሳይንስ መዛግብትን የሚያስተባብረው ሴስዳ አባል ተቋማቱ የምስክር ወረቀቱን እንዲይዙ ይጠይቃል፤ ጠይቆም ዝም አይልም፣ የበሰሉትን መዛግብት ከጀማሪዎቹ ጋር ያጣምራል። ፌርስፌር የተሰኘው ፕሮጀክት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2022 በቆየበት ጊዜ በውድድር የመረጣቸውን አሥር ማከማቻዎች እስከ ማመልከቻው ድረስ ደግፏል። በሁለቱም ዘንድ አንድ ጥንቃቄ ይጠበቃል፤ የመከረ ሰው በመከረው ማመልከቻ ላይ ገምጋሚ ሆኖ አይቀመጥም።

ከስድስት ኪሎ እስከ ስታዲየም አካባቢ

የምርምር መዛግብት በብዛት ከሚገኙባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ መሀል አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን በዲጂታል ማከማቻ ያስቀምጣል። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሙዚየሙን የያዘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ብራናና ሰነድ ሲሰበስብ ኖሯል። ወደ ታች ሲወረድ አራት ኪሎ ላይ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢና ትምህርት ሚኒስቴር ይገኛሉ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ የሕክምና ምርምሩ ቦታ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር፣ የዛሬው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የአገሪቱን መዛግብት የመጠበቅ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ከስታዲየም አለፍ ብሎም የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የራሱ የሰነድ ማከማቻ አለው። ከአንዱ ወደ ሌላው ታክሲ ይዞ በአንድ ጠዋት ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል።

የፖሊሲ መሠረቱም ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በብሔራዊው አካዳሚያዊ ዲጂታል ማከማቻ፣ በናድሬ፣ እንዲገባ ያዝዛል፤ ተመራማሪውም የመረጃ አያያዝ ዕቅዱን ለምርምር ጽሕፈት ቤቱና ለቤተ መጻሕፍቱ አቅርቦ እንዲያጸድቅ ይጠይቃል። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ትኩረት አላገኘም እንጂ ከባድ ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው መጽሐፍ ከማዋስ አልፎ የመረጃ ዕቅድ መርምሮ የማጽደቅ ኃላፊነት ተጥሎበታል። ይህን ብቻውን ሊወጣው አይችልም። በእኔ እምነት የመደጋገፉ ሥራ ከዚህ ቢጀምር፣ የኢትዮጵያ አካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኅብረትም ቢያስተባብረው መልካም ነው፤ ባለሙያዎቹ ቀድሞውንም የሚተዋወቁት በዚያ ነውና።

ጎረቤት ብቻ የሚያውቀው

የምስክር ወረቀቱን መስፈርት የውጭ መካሪ በሚገባ ሊያስረዳ ይችላል። የኢትዮጵያን ፋይል ሲከፍት ግን የሚያደናግሩት ነገሮች አሉ፤ እነዚህን የሚፈታው የአገሩ ባለሙያ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፈው አማርኛ በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ነው። ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ የአማርኛ መጠይቅ እንዲህ ሆኖ ሲመጣ ባለሙያው ምን ያድርግ? ልምድ ያለው ሰው የሚመክረው ይህን ነው፤ መጀመሪያ በየትኛው ፕሮግራምና በየትኛው እትም እንደተጻፈ መለየት፣ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ የተለወጠውን ከወረቀት ህትመቱ ጋር መስመር በመስመር ማመሳከር፣ ምክንያቱም በለውጡ ጊዜ የሚጠፉት ወይም በሌላ የሚተኩት ጥቂት ፊደላት ናቸውና በዓይን ካልታዩ አይታወቁም። በመጨረሻም የመጀመሪያውን ፋይል ሳይጥሉ ከአዲሱ ጋር ማስቀመጥና የተደረገውን ሁሉ በመዝገብ መጻፍ። መስፈርቱ የመረጃውን አመጣጥና እውነተኛነት ስለ መመዝገብ የሚጠይቀው ስድስት ኪሎ ላይ በተግባር ሲታይ ይህንን ይመስላል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፋይሎች ውስጥ ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመዝግበዋል። ወራትን ከ1900 ጀምሮ በተከታታይ የሚቆጥረውን የጥናቱን ኮድ ወደ ጎርጎርሳውያን ለመመለስ 92 ወር መደመር ያስፈልጋል። ይህ በገላጭ ማስታወሻው ውስጥ ካልተጻፈ የውጭ ተጠቃሚ የሕፃናቱን የልደት ዘመን ከሰባት ዓመት በላይ ያሳስታል። ጳጉሜን ደግሞ የራሱ ችግር አለው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም «ስሕተት» ብሎ ይመልሰዋል፣ መዝጋቢውም ሥራው እንዳይቆም ወደ ነሐሴ 30 ወይም ወደ መስከረም 1 ያዛውረዋል። የሰዓት አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ ቃለ መጠይቁ «3 ሰዓት ላይ» ተደረገ ሲባል ጠዋት መሆኑን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

ስምም አለ። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚወስድ ሥርዓት አንዱን ተመራማሪ በአባቱ ስም ይመዘግበዋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ያው ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። በአማርኛ ፍለጋ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ካልተያያዙ ግማሹ መዝገብ ተሰውሮ ይቀራል። እያንዳንዱ ቤት ለዚህ የራሱን መፍትሔ ለብቻው ሲፈጥር ድካሙ ይደጋገማል፤ የፈጠራቸው ሰንጠረዦችም እርስ በርስ አይግባቡም። አንድ ተቋም ያዘጋጀውን የስም ዝርዝርና የሞክሼ ፊደላት ሰንጠረዥ ለሌላው ቢያካፍል ከብዙ ዓውደ ጥናት ይበልጣል።

አንድ የቆየ ምሳሌ

በተቋማት መካከል አደራ መካፈል በዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ የመጡ ከ9,000 በላይ ብራናዎችን በፊልም አነሣ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ሄደ፤ እዚያም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዘመን ካታሎጉን አዘጋጅተዋል። የዛሬዎቹ መስፈርቶች የሚጠይቋቸው አብዛኞቹ ነገሮች በዚያ ሥራ ውስጥ ነበሩ፤ ሁለት ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፣ ለእያንዳንዱ ብራና የተሰጠ ቋሚ ቁጥር፣ በባለሙያ የተጻፈ መግለጫ። እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንት ብራናውን በዚያው ቁጥር ይጠቅሱታል።

የሚያሰናክሉ ነገሮች

ትልቁ እንቅፋት የሠራተኛ ፍልሰት ይመስለኛል። ማከማቻውን የሚያውቀው አንድ ሰው ይሆናል፤ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይለቃል፣ ከእርሱ ጋር የሰርቨሩ የይለፍ ቃልም የምክሩ ግንኙነትም ይሄዳል። ስለዚህ ዝምድናው በግለሰቦች መካከል ብቻ ከሆነ አይዘልቅም፤ በደብዳቤ የታወቀ፣ ከየተቋሙ ቢያንስ ሁለት ሰው የተመደበለት፣ የመካሪነት ሰዓቱም እንደ መደበኛ ሥራ የሚቆጠር ሊሆን ይገባል። ቋንቋው ያን ያህል አያስፈራም። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ማስረጃው ግን አጭር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ እስከ ታከለለት ድረስ በአማርኛ የተያዘ ቃለ ጉባኤ ወይም መመሪያ ሊሆን ይችላል።

ምስጢር የሚጠበቅባቸው መረጃዎች፣ በተለይም የጤና መዛግብት፣ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ «ጎረቤታችን ስለሆነ እናሳየው» ማለት አይቻልም። መካሪው የሚያነበው መመሪያውን፣ የፈቃድ ቅጹንና የአሠራር መዝገቡን ነው፤ ማንነትን የመሰወር ሥራው በትክክል መሠራቱን ማየት ሲያስፈልግ ደግሞ ባለቤቱ ተቋም በፈጠራ ስሞችና ቁጥሮች የሞላው የናሙና ፋይል ያቀርብለታል።