የድንገተኛ ጉዳት ሽፋን ምንድን ነው? ባትሪውስ ለምን ውጭ ቀረ?

ተማሪ ከትምህርት ቤት ላፕቶፕ ሲረከብ ንብረት ክፍል ሄዶ ይፈርማል። አንዳንድ ቦታ ወላጅም አብሮ ይፈርማል። እዚያ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ነገር «ዋራንቲ አለው፣ አታስቡ» የሚል ነው። ደብረ ማርቆስም ይሁን ሞጣ፣ ቡሬም ይሁን ዳንግላ፣ ይህን የሰማ ወላጅ ልጁ ላፕቶፑን ቢጥለው በነፃ የሚጠግንለት ያለ ይመስለዋል። የለም።

ዋራንቲ የሚሸፍነው የፋብሪካን ጥፋት ነው። ሳይነካ የጠፋ ስክሪን፣ ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ የማይሠራ ኪቦርድ፣ በራሱ ጊዜ የሞተ ማዘርቦርድ እዚህ ይገባሉ። ልጁ ሻይ ቢደፋበት ግን ፋብሪካው ምን አገባው? ለዚያ ለብቻው የሚገዛ ውል አለ፤ የድንገተኛ ጉዳት ሽፋን የሚባለው እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑ ሲገዛ ተጨማሪ ካልተከፈለበት አይኖርም። መውደቅ፣ ፈሳሽ መፍሰስ፣ የተሰነጠቀ ስክሪን በዚህ ይሸፈናሉ። ብዙዎቹ ውሎች በኤሌክትሪክ መዋዠቅ የተቃጠለንም ይጨምራሉ። ይቺ የመጨረሻዋ ለኛ ቀላል አይደለችም። መብራት ሄዶ ሲመለስ በምን ዓይነት ጉልበት እንደሚመጣ እናውቀዋለን።

ስርቆትና መጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፈኑም። ሆን ተብሎ የተሰበረም እንዲሁ። መቧጨርን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ዕቃው እስከሠራ ድረስ ስለ መልኩ የሚጨነቅ የለም። አንዳንድ ውል በዓመት ስንቴ መጠየቅ እንደሚቻል ይገድባል። ሽፋኑ የሚሠራበት አገርም ውሉ ላይ ይጻፋል። በእርዳታ ከውጭ የመጣ ላፕቶፕ በተገዛበት አገር ሽፋን ቢኖረውም፣ እንጅባራ ላይ ሲሰበር ያ ወረቀት ላይጠቅም ይችላል።

አሁን ወደ ባትሪው። የላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም አዮን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ የዋለ፣ ፈልሳፊዎቹንም በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለመ ቴክኖሎጂ። ኖቤሉ ግን ከማርጀት አላዳነውም። ማረሻ ባረሰ ቁጥር እንደሚያልቀው ሁሉ፣ ባትሪም ቻርጅ ተደርጎ ባለቀ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ይህ በሳይክል ይቆጠራል። ዛሬ ግማሹን ተጠቅማችሁ ብትሞሉት፣ ነገም ግማሹን ብትጠቀሙ፣ ሁለቱ ተደምረው አንድ ሳይክል ናቸው። ብዙ የላፕቶፕ ባትሪዎች ከ300 እስከ 500 ሳይክል ድረስ ሄደው አቅማቸው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። አፕል ለአዳዲሶቹ ማክቡኮች 1000 ሳይክል ይላል። አንድ ተማሪ በዓመት 200 የትምህርት ቀን አለው እንበል። በየቀኑ ሙሉውን የሚጨርስ ከሆነ፣ በሁለት ዓመት 400 ገባ ማለት ነው። ዘጠነኛ ክፍል የተረከበው ባትሪ አሥረኛን ሲጨርስ መድከሙ የሚጠበቅ ነው፤ የልጁ ጥፋት አይደለም።

የባትሪ መድከም የፋብሪካ ጉድለት ስላልሆነ ዋራንቲው አይመለከተውም። አደጋ ስላልሆነ የጉዳት ሽፋኑም አይነካውም። ባትሪው በሁለቱ መሀል የወደቀው በዚህ ነው። ለባትሪ የሚሰጠው ዋስትናም ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ራሱ የሦስት ዓመት ቢኖረውም። ጊዜውም የሚቆጠረው ዕቃው ከተሸጠበት ቀን እንጂ ተማሪው ከተረከበበት ቀን አይደለም። ጨረታ፣ ጉዞ፣ መጋዘን፣ ቆጠራ ተብሎ ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ካርቶኑ ሳይከፈት የባትሪው ዋስትና አልቋል። ሳይነካ ሲቀመጥም እኮ ባትሪ ያረጃል።

ስለዚህ በተረከባችሁበት ቀን ባትሪውን ለኩት። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ የአይሲቲ መምህሩ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሊያወጣላችሁ ይችላል። ሁለት ቁጥር ተመልከቱ፤ ዲዛይን ካፓሲቲ (ባትሪው አዲስ ሳለ እንዲይዝ የተሠራበት መጠን) እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን ሲሞላ የሚይዘው)። የመጀመሪያው 42,000 ሆኖ ሁለተኛው 25,200 ካለ፣ የተረከባችሁት 60 በመቶ የቀረውን ባትሪ ነው። ያንን ቁጥር ከቀኑ ጋር ርክክብ ቅጹ ላይ አስጽፉት። ካላስጻፋችሁ ክሊራንስ ቀን የሚሆነው ይታወቃል። «ጋሼ፣ ባትሪው ቻርጅ አይዝም።» «ስትረከበው ይይዝ አልነበር?» ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ያለ ማስረጃ ነው።

ዕድሜውን ማራዘም ይቻላል። ቀንደኛ ጠላቱ ሙቀት ነው። ደብረ ማርቆስ ደጋ ስለሆነ ብዙም አያሳስብም። ጃዊ ወይም ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ ቻርጅ ማድረግ ግን ባትሪውን መግደል ነው። ቀን ከሌት ሶኬት ላይ ሰክቶ መተውም ያስረጀዋል፤ ብዙ ላፕቶፖች ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ማስተካከያ አላቸው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የክረምቱ ነገር ነው። ሰኔ ላይ ላፕቶፖቹ ተሰብስበው ባዶ ባትሪያቸውን ስቶር ይገባሉ። መስከረም ላይ ሲወጡ አንዳንዱ ከነአካቴው አይነሳም። ባዶ ባትሪ ሁለት ወር ሲቀመጥ ቮልቴጁ ከሚገባው በታች ይወርድና፣ ውስጡ ያለው መከላከያ ሰርኪት ቻርጅ አልቀበልም ሊል ይችላል። ግማሽ ያህል ሞልቶ፣ አጥፍቶ፣ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃ ነበር። ምንም ወጪ የለውም።

ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሳ ወይም የላፕቶፑ ክዳን አልገጥም ካለ ባትሪው አብጦ ይሆናል። ያን ጊዜ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ በምንም አትውጉት፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። ለንብረት ክፍል ወዲያው መልሱ። በባትሪው የዋስትና ጊዜ ውስጥ ከሆነ ሻጩን መጠየቅ ያዋጣል።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ባትሪው በአገልግሎት ሲያልቅ የሚተካው ማነው? ትምህርት ቤቱ ከሆነ በጽሑፍ ይስፈር። የቃል መልስ ርዕሰ መምህሩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ቅጹ ላይ ቦታ ከሌለ ከጀርባው ይጻፍና ማህተም ይረፍበት።