የቆዳ ካንሰር መከላከል በሐረርና በድሬዳዋ

በጥቁር ቆዳ ላይ የሚወጣ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከቆየ ቁስል ወይም ከቃጠሎ ጠባሳ ነው። ቀለም ከሚሠሩት የቆዳ ሴሎች የሚነሣው ሜላኖማ የሚባለው ዓይነት ደግሞ በብዛት በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ይታያል። ስለዚህ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል መከላከሉ የሚጀምረው እግርን ከመንከባከብ ነው።

በዚህ ረገድ ባለውለታው ከሐረር ወደ ባቢሌ አቅጣጫ የሚገኘው የሥጋ ደዌ ሕክምና ስፍራ፣ ቢሲዲሞ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. በዉርዝቡርግ የተመሠረተው የጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር መነሻው የዚህ ስፍራ ሕሙማን ነበሩ። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ የደነዘዘ እግር እሾህ ቢወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ እያመረቀዘ ዓመታት ይቆያል። እንክብካቤው ቀላል ቢሆንም በየቀኑ መደረግ አለበት፦ እግርን ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የደነደነውን ቆዳ በሸካራ ድንጋይ በቀስታ መፈግፈግ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን መቀባት። ሙቅ ውሃ ሳይታወቅ ያቃጥላል፤ በረባሶም ጠርዙ ይልጣል።

በአግባቡ እየታሸገ በ3 ወር ያልዳነ፣ ጠርዙ የጠጠረ፣ አበባ ጎመን የመሰለ ሥጋ ያበቀለ ወይም በትንሽ ንክኪ የሚደማ ቁስል ለምርመራ ናሙና (ቁራጭ ሥጋ) ሊወሰድለት ይገባል። ናሙናው ከጠርዙ፣ ከተለያየ ቦታ ይወሰዳል፤ ከበሰበሰው መሃል የተወሰደ ካንሰሩን ሊስተው ይችላል። ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚቀመጥበት ፈሳሽ፣ የፎርማሊን መጠን የናሙናውን 10 እጥፍ ካልሆነ ሥጋው ይበላሻል።

የፀሐይ ጉዳት በዋናነት የሚያሰጋው አልቢኒዝም (የቆዳና የፀጉር ቀለም በተፈጥሮ ማነስ) ያለባቸውን ወገኖቻችንን ነው፤ ሰኔ 6 የእነርሱ ዓለም አቀፍ ቀን ነው። ሐረር ነፋሻማ ስለሆነች ፀሐይዋ የዋህ ይመስላል፤ ሆኖም ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የመከላከያ ኃይሉ (ኤስፒኤፍ) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከመውጣት 20 ደቂቃ በፊት ተቀብቶ በየ2 ሰዓቱ ይደገማል፤ በድሬዳዋ ሙቀት መኪና ውስጥ የዋለ ክሬም ኃይሉን ያጣል። ብርሃን የሚያሳልፍ ሻሽ በቂ አይደለም፤ ዙሪያውን ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ያስፈልጋል።

የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ታማሚው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። በአካባቢው በሐረር ሕይወት ፋና፣ በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። የቆዳ ካንሰር ምርምርን መደገፍ የሚፈልግ የጤና ባለሙያ ናሙና ሲልክ የቁስሉን ዕድሜ፣ መንስኤና ቦታ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ያለ እነዚህ ካንሰሩ ከየትኛው ጠባሳ እንደተነሣ መቁጠር አይቻልም።