የርችት ሕግ በአሜሪካ፦ በተለይ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ

በአሜሪካ ሰው ገዝቶ ግቢው ውስጥ የሚተኩሰው ርችት አንድ ወጥ ሕግ የለውም። ፌዴራሉ ገበያ ላይ ምን መውጣት እንደሚችል ይወስናል፣ ስቴቱ ከዛ ውስጥ የቱን እንደሚፈቅድ ይመርጣል፣ ካውንቲውና ከተማው ደግሞ ስቴቱ ፈቅዶ የተወውን መልሶ ሊከለክል ይችላል።

ጁላይ 4ን በርችት ማክበር እ.ኤ.አ. በ1777 ፊላደልፊያ ላይ ነው የተጀመረው። ለብዙ ዘመን ቁጥጥሩ ላላ ያለ ነበር፣ በ1966 ግን ኤም-80 እና ቼሪ ቦምብ የሚባሉት ኃይለኛ ፈንጂ ርችቶች ለሕዝብ እንዳይሸጡ ተከለከሉ። አሁን መሬት ላይ ለሚፈነዳ ርችት የተፈቀደው ባሩድ 50 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፣ አንድ ኤም-80 ግን 3 ግራም ገደማ ይይዛል፣ ማለትም 60 እጥፍ፣ ጣት የሚቆርጠውም እሱ ነው።

ሀበሻ በብዛት የሚኖርበት የዋሽንግተን አካባቢ የሕጉ ዝብርቅርቅ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ነው። ቨርጂኒያ ስፓርክለር (በእጅ ተይዞ ብልጭታ የሚረጭ ሽቦ) እና መሬት ላይ ተቀምጦ ብልጭታ የሚረጭ ፋውንቴን ትፈቅዳለች፣ እሱም በግል ግቢ ባለቤቱ ከፈቀደ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣም የሚፈነዳም ክልክል ነው፣ የተያዘ ሰው እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። ፌርፋክስ ውስጥ ጁላይ ሲቃረብ ፓርኪንግ ላይ ድንኳን ተክለው ይሸጣሉ፣ አጠገቧ ያለችው አሌክሳንድሪያ ግን ሁሉንም ከልክላለች። ዲሲ ከ20 ኢንች ያልበለጠ ስፓርክለር ትፈቅዳለች፣ የሚፈነዳ ነገር ግን አይቻልም።

ከዲሲ ወደ ሜሪላንድ ተሻግረን ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገባ የኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ስፓርክለርን ጨምሮ ሁሉንም ይከለክላል፣ ፕሪንስ ጆርጅስም እንደዛው፣ የሜሪላንድ ስቴት ሕግ ግን መሬት ላይ የሚበራውን ይፈቅዳል። ለልጅ መጫወቻ የሚመስለውን ስፓርክለር ለምን ከለከሉ የሚል ብዙ ሰው አለ፣ ነገር ግን ጫፉ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል፣ ብርሃኑ ከጠፋ በኋላም ሽቦው እንደጋለ ይቆያል፣ ልጁ ሳሩ ላይ ሲጥለው ሌላው በሰንደል ይረግጠዋል። ስለዚህ በተፈቀደበት ቦታም ቢሆን ባልዲ ውኃ አቅርቦ ሽቦውን ወዲያው መንከር ነው። ካውንቲያችን ጠንከር ማለቱ ትክክል ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ለማየት፣ ማሳቹሴትስ ስፓርክለርንም ሳይቀር ሙሉ በሙሉ የከለከለች ብቸኛ ስቴት ናት። ፔንሲልቬንያ በ2017 ትልልቆቹን ፈቀደች፣ ሰው ካለበት ሕንፃ 150 ጫማ መራቅ ያስፈልጋል፣ በ2022 ደግሞ የሰዓት ገደብ ጨመረች። ኦሃዮ እስከ 2022 ድረስ ገዢው በ48 ሰዓት ውስጥ ከስቴቱ አወጣዋለሁ ብሎ ይፈርም ነበር፣ ፍሎሪዳም እስከ 2020 ወፍ ከእርሻ ላባርርበት ነው ተብሎ ይፈረም ነበር፣ የኦሃዮው ቀርቷል፣ ፍሎሪዳ ደግሞ ለጁላይ 4ና ለአዲስ ዓመት በዓል ያለዚያ ፈቅዳለች። ካሊፎርኒያ ወደ ላይ የሚወጣውንና የሚፈነዳውን ከልክላ የቀረውን ለየከተማው ትታዋለች።

ክልከላ ጉዳት ይቀንሳል ወይ የሚለው ያከራክራል። ሻጮቹ ክልከላው ሰውን ወደ ድብቅ ገበያ ይገፋል ይላሉ፣ ሊሆን ይችላል። ግን በኮቪድ ምክንያት የከተማ ርችት ተሰርዞ ሰው በየቤቱ በተኮሰበት በ2020 ወደ 15,600 ሰው ድንገተኛ ክፍል ሄዷል፣ ቢያንስ 18 ሰው ሞቷል፣ ስለዚህ ለባለሙያ ተዉት የሚሉት የእሳት አደጋ ሰዎች ሚዛን ይደፋሉ።

ለእንቁጣጣሽም ሆነ ለገና ለመተኮስ ከሌላ ስቴት ገዝቶ ለመምጣት የሚያስብ ካለ፣ የሚታየው የተገዛበት ሳይሆን የሚተኮስበት ቦታ ሕግ ነው፤ የተከለከለበት ስቴት ውስጥ ሊተኮስ መሆኑን እያወቁ ጭኖ መግባት በራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ በአውሮፕላን ደግሞ በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም አይፈቀድም።