የስደተኛ ማቋቋሚያ ድጎማ ምንድን ነው? ለማንስ ይገባል?

የጎረቤቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ከደሴ ከበረረ ሦስት ሳምንቱ ነው። እናቱ ቡና ጀባ ብለውኝ ገና ቶናው ሳይቀርብ ጥያቄያቸውን አመጡት። «ልጄ፣ የቤት ኪራዩን መንግሥት ይከፍልለት የለ? ከሱዳን ካምፕ ለሄደችው ልጅ እኮ ተከፍሎላታል።»

አይከፍልለትም።

ነገሩን ያወሳሰበው የራሳችን ቃል ነው። እኛ ዘንድ ከአገር የወጣ ሁሉ ስደተኛ ነው። ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ተሻግሮ ሳዑዲ የገባውም፣ ዲቪ የደረሰውም፣ ካምፕ ውስጥ ዓመታት የቆጠረውም። የአሜሪካ ሕግ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው በምን ወረቀት እንደገባህ ነው።

ድጎማው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ገና ከውጭ ሳለ ስደተኛ መሆኑ ተመርምሮና ተፈቅዶለት ለሚገባ ሰው ነው። አንድ ድርጅት ኤርፖርት ይቀበለዋል፣ ቤት ይፈልግለታል፣ አልጋውንም ድስቱንም ያሟላለታል። ይህ እስከ 90 ቀን ይዘልቃል። ሁለተኛው የጥሬ ገንዘብና የሕክምና ድጋፍ፣ የእንግሊዝኛ ትምህርትና ሥራ የማፈላለግ እገዛ ነው። ይኼኛውን እዚያው አሜሪካ ገብቶ አሳይለም (ጥገኝነት) የተፈቀደለትም ያገኛል። ጥሬ ገንዘቡ እስከ 12 ወር ይሰጥ ነበር፤ ከሜይ 2025 ወዲህ ለሚጀምሩት ወደ 4 ወር ወርዷል። የስደተኛ ቅበላው ራሱ በጃንዋሪ 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ታግዷል፤ ከዚያ በኋላ የገባው ጥቂት ነው።

«ተፈቅዶለታል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። አሳይለም ጠይቆ የሚጠባበቅ ሰው ይህ ድጎማ የለውም። ስድስት ዓመት ታክሲ እየነዳ ይጠብቅ ይሆናል። ኬዙ ያለፈለት ቀን ግን ቆጠራው ይጀምራል፤ አሜሪካ ከገባበት ቀን ሳይሆን ከተፈቀደበት። ደብዳቤው ዘግይቶ ቢደርሰው፣ እሱም ደስ ብሎት ደሴ ሲደውል ሲመርቁት ወር ቢያልፍ፣ ከአራቱ ወር አንዱ ሄደ ማለት ነው። በ2022 መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን የታወጀው ቲፒኤስም (ጊዜያዊ ጥበቃ) የሥራ ፈቃድ እንጂ ድጎማ አልነበረውም።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የሚስቶች ነገር ነው። አሳይለም ያገኘ ባል ከደሴ ሚስቱን በአይ-730 ፎርም ካስመጣት የእሱን መብት ይዛ ትገባለች፤ ሁለተኛው የድጎማ ክፍል ይገባታል። ያችኑ ሴት እሱ ራሱ ግሪን ካርድ ካገኘ በኋላ በአይ-130 ፎርም ቢያስመጣት ግን ግሪን ካርዷን ይዛ ነው የምትገባው። እሱም ስፖንሰር ሆኖ «እኔ አኖራታለሁ» ብሎ ፈርሟል፤ ድጎማ የለም። ሰዉ ያው፣ ከቦሌ የተነሳችበት አውሮፕላን ያው፣ የምትገባበት ቤት ያው። ለድጎማው ሲሆን «ግሪን ካርድ ይዞ መግባት ይሻላል» የሚለው የሰፈር ወሬ አይሠራም።

ስደተኛን ከካምፕ አሜሪካ ወስዶ ማቋቋም የሚጠራበት «መልሶ ማስፈር» የሚለው ስያሜም ለወሎ ሰው ጆሮ ከባድ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ከወሎ አንስቶ ወለጋ ያሰፈረው ሕዝብ አለ። ከዚያው ከወለጋ ተፈናቅሎ ሐይቅ አካባቢ መጠለያ የገባም አለ። ይህ ሰው የደረሰበት መከራ ካምፕ ካለው ስደተኛ ባያንስም ድንበር አልተሻገረም። ስለዚህ በ1951 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ አይባልም፤ ተፈናቃይ ነው። ለመልሶ ማስፈርም እንደ ደንቡ አይታጭም።

ወደ ዲቪው ልጅ ልመለስ። እሱ ከመጀመሪያው ነዋሪ ሆኖ ነው የገባው። የሚቀበለው ድርጅት የለም። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕግ ደግሞ እንደ እሱ ያለ ባለ ግሪን ካርድ አብዛኛውን የፌዴራል እርዳታ ለማግኘት አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ሥራ እስኪይዝ የሚኖረው በያዘው ብርና በዘመድ ነው።

ይህን ስነግራቸው ጎረቤቴ ጀበናውን ከረከቦቱ ላይ አንስተው ትንሽ ዝም አሉ። «አዪ! ቀድመህ ብትነግረኝ የሽኝቱን ድግስ አሳንሰው ነበር።»