የዛገ የፍሬን ቱቦን በቤት መቀየር

ፔዳሉን ስንረግጥ ኃይሉን እስከ ጎማው የሚያደርሰው በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ነው። በብዙ የቤት መኪኖች ላይ የዚህ ቱቦ ውፍረት 4.75 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብረት ስለሆነም ይዝጋል።

በረዶ ባለባቸው አገሮች ዋናው ጠላቱ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ጨዋማው ጭቃ ቱቦውን በያዙት ክሊፖች ውስጥ ይጠራቀማል። ዝገቱ ብዙ ጊዜ ከዓይን ተሰውሮ የሚጀምረውም እዚያ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በጄኔራል ሞተርስ ፒካፖች የፍሬን ቱቦ ዝገት ላይ የጀመረውን ምርመራ በ2015 እ.ኤ.አ. የዘጋው መኪኖቹ ለጥገና ወደ ኩባንያው እንዲጠሩ ሳያዝ ነው። ለባለቤቶች የሰጠው ምክር ግን ግልጽ ነበር፦ በበረዶው ወራት የመኪናውን ሥር ደጋግሞ ማጠብ፣ ቱቦውን ማስፈተሽ፣ ከዛገም ሙሉውን መቀየር። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሚኔሶታ ለቦሎ እንደምናደርገው ያለ ዓመታዊ ምርመራ የለም። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ካላየ የሚያይለት የለም።

የዛሬ መኪኖች ፍሬን ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ቱቦ ቢፈነዳ ሌላው ይሠራል፤ ፔዳሉ ግን ወደ ታች ይሰምጣል፣ መኪናውም ቶሎ አይቆምም።

ሥራው በቤት ይቻላል፤ ጥድፊያ ግን አይወድም። ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስፈልጋል። ከዚያ ትዕግሥት የሚፈታተነው ቱቦውን የሚያጋጥመው የዛገ ዳዶ ነው። ተራ ቁልፍ ጠርዙን ይበላዋል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ቀድሞ ረጭቶ ማሳደር ይረዳል። አሮጌው ቱቦ የሚጣል ከሆነ ደግሞ ዳዶው አጠገብ ቆርጦ ባለ ስድስት ጎን ቡሽላ ማስገባት ይሻላል።

ለምትኩ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ እመርጣለሁ። በጨው አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። ቮልቮ በ1976 እ.ኤ.አ. ይጠቀምበት ጀመር። ጫፉ በልዩ መሣሪያ እንደ መለከት አፍ ይከፈትና ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዳዶው ከዚያ በፊት ቱቦው ላይ መግባት አለበት፤ ጫፉ ከተከፈተ በኋላ አያልፍም። የጫፉ ቅርጽ እንደ መኪናው ስለሚለያይ ከአሮጌው ጋር ማመሳከር ግድ ነው። የውሃ ቧንቧ መቀጠያ ግን እዚህ ቦታ የለውም። ያንን ግፊት አይችልም።

በመጨረሻ አየሩ ይወጣል። አንድ ሰው ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ጋ ያለውን ማስወጫ ይከፍትና ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዘጋል። የዘይቱ ዕቃ በሥራው መካከል ባዶ ከሆነ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ዘይቱ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን። ቀለም ስለሚልጥም ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ ይታጠብ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል) ውስጥ አየር የገባባቸው አንዳንድ መኪኖች በኮምፒውተር ካልሆነ አየሩን አይለቁም፤ እነሱን ጋራዥ መውሰድ ነው።

ከመንዳት በፊት ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ መያዝና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት መጥረግ ያስፈልጋል። ሶፍቱ ከረጠበ መኪናው መነዳት የለበትም።