የጾም ሥጋ፦ የሚወራው እና እውነታው

ጾም ሲገባ ወሬውም አብሮ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ስለ ደረቁ የሶያ ሥጋ፣ አሜሪካ ያሉት ዘንድ ደግሞ ከዕፅዋት ተሠርተው የተፈጨ ሥጋ ስለሚመስሉት ስለ ኢምፖሲብል እና ቢዮንድ በርገር። አንዱ «ከሥጋ ይሻላል» ይላል። ሌላው «ፋብሪካ የሠራው መርዝ ነው» ይላል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ከዕፅዋት ከሆነ ጤናማ ነው»

ስኳርም እኮ ከሸንኮራ አገዳ ነው የሚመጣው። ጥቅሉን ገልብጦ ማንበብ ይሻላል። ኢምፖሲብል በርገር ለዓመታት በተሸጠበት አሠራሩ 113 ግራሙ 19 ግራም ፕሮቲን አለው። አንድ አምስተኛው ስብ የሆነ የተፈጨ የበሬ ሥጋም በዚያው ክብደት ፕሮቲኑ ያው ነው። ለልብ የማይመከረው፣ ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው ቅባትም ብዙ አይራራቅም። በርገሩ ውስጥ 8 ግራም አለ፤ ዋና ምንጩ የኮኮናት ዘይት ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በርገሩ ኮሌስትሮል የለውም፣ ትንሽ ፋይበርም አለው። ሶዲየሙ ግን 370 ሚሊግራም ነው። ጨው ያልነካው ሥጋ 80 እንኳን አይሞላም። ደም ግፊት ያለበት ሰው ይቺን ቁጥር ይያት።

ደረቁ ሶያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዘይቱ ከወጣለት የአኩሪ አተር ዱቄት ነው የሚሠራው። በሙቀትና በግፊት ከማሽን ተገፍቶ ሲወጣ እንደ ሥጋ ጭረት ጭረት ይላል። ስቡ ጥቂት ነው፤ ጨዉም በአብዛኛው ወጡን የሠራው ሰው የጨመረው ነው። ከክብደቱ ግማሽ ገደማው ፕሮቲን ስለሆነ «የሥጋ እጥፍ ነው» ይሉታል። ግን ደረቁን ማን ይበላዋል? በፈላ ውሃ ሲዘፈዘፍ ክብደቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ያኔ በፕሮቲን ከበሰለ ሥጋ ያንሳል። (ውሃውን ሁለቴ መጭመቅ እንዳይረሳ። አለበለዚያ የአኩሪ አተሩ ሽታ ያንን ሁሉ የደከሙበትን ቁሌት ያበላሸዋል።)

«መርዝ ነው»

የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት 36 ሰዎች ስምንት ሳምንት ሥጋ፣ ስምንት ሳምንት የቢዮንድን ምርቶች በሉ። ሥጋውን በተዉበት ጊዜ መጥፎው ኮሌስትሮል ወረደ፣ ክብደታቸውም ትንሽ ቀነሰ። ለጥናቱ ገንዘብ የሰጠው ግን ራሱ ቢዮንድ ሚት ነው። ስለዚህ መርዝ አይደለም፤ መድኃኒት ነው ለማለትም ይህ አይበቃም። እኔን ከጠየቃችሁኝ መነጻጸር ያለበት ከሥጋ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሽሮና ከምስር ጋርም ነው። በዋጋም በጨውም ብዙ ጊዜ ቤት የተሠራው ምስር ያሸንፋል።

«ሶያ የወንድን ሆርሞን ያዛባል»

አያዛባም። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ ሥራ ሶያ የወንዶችን ቴስቶስትሮን እንደማይቀንስ፣ ኤስትሮጅናቸውንም እንደማይጨምር አሳይቷል። ወሬው ግን ሥጋ ቤት በረንዳ ላይ ዛሬም ሞቅ ብሎ ይወራል።

«ደም ስላለበት ያስፈታል»

የኢምፖሲብል ቅላት ከደም አይደለም። ሄም የሚባል፣ ብረት የያዘ ነገር ነው። በአኩሪ አተር ሥር ውስጥ ይገኛል፤ ኩባንያው ግን ዘረ መሉ በተለወጠ እርሾ ነው የሚያመርተው። ቢዮንድ ደግሞ ቀይ ሥር ይጠቀማል። እንስሳ የለበትም። ሥጋን የሚያስመስል ነገር በጾም መብላት ተገቢ ነው ወይ ለሚለው ግን መልሱ የንስሐ አባት ዘንድ ነው።

ይልቅ መጠንቀቅ «ቬጂቴሪያን» የሚል ጽሑፍ ሲታይ ነው። እንግሊዝ አገር የታወቀው፣ ከፈንገስ የሚሠራው ኮርን (Quorn) የሚባለው የሥጋ ምትክ በብዙ ምርቶቹ ውስጥ የእንቁላል ነጭ አለበት። ለጿሚ የሚሆነው «ቪጋን»፣ ማለትም ከእንስሳ የተገኘ ምንም የሌለበት፣ የሚለው ነው።

«ብረት ካለው አለቀ»

ጥቅሉ ላይ ያለው ብረት ሁሉ ደም ውስጥ አይገባም። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት የሚወስደው በሥጋ ካለው ያነሰ ነው። ቲማቲም ወይም ሎሚ ያግዘዋል፤ ሻይና ቡና ይይዙታል። እኛ ደግሞ ማዕዱ ሳይነሳ ቡና እናፈላለን! ደም ማነስ ያለባት ሴት ቡናዋን አንድ ሁለት ሰዓት ብታቆየው ይጠቅማታል። ቫይታሚን ቢ12 ሌላ ጉዳይ ነው። ኢምፖሲብል ውስጥ ተጨምሯል። ተጨምሮበታል ካልተባለ በቀር ደረቁ ሶያ ውስጥ የለም፤ ሽሮ ውስጥም የለም። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ከሆነ፣ ሐኪም ቢያማክር ጥሩ ነው።

«ክትፎ ይወጣዋል»

የኮሶ ትል እንደሌለበት እርግጥ ነው። ጥሬውን ግን አይበላም። ኢምፖሲብል ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል ይላል። ለብለብም አይሆንም። ሚጥሚጣውና ኮረሪማ የገባበት ዘይት ከመጥበሻው ከወረደ በኋላ ይድረስለት።